«ሰነፍ» የሚለው ቃል ምን ይለካል?

በአማርኛ «ሰነፍ ተማሪ» ስንል የማይተጋውንም፣ ተግቶ ውጤት ያላገኘውንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ይህ ፍርድ ድክመቱ በጥረት ይወገድ እንደሆነ ለተማሪው አይነግረውም።

ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሣን አውቶቡስ እንመልከት። መንቀሳቀስ በሚጀምርባት ቅጽበት ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ አክስለሬሽኑ፣ ማለትም ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን፣ ግን ዜሮ አይደለም። የፈተና ውጤትም ተማሪው ዛሬ ያለበትን እንጂ የሚለወጥበትን መጠን አያሳይም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ሁሉ «ሰነፎች» ብሎ መደምደም ሁለቱን መጠኖች ማምታታት ነው።

ሙገሳም ፍርድ ነው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥያቄ ሠርተው ከጨረሱ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ከፊሎቹ ስለ ብልህነታቸው፣ ከፊሎቹ ስለ ጥረታቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ሲያጋጥማቸው፣ «ብልህ» የተባሉት የመቀጠል ፍላጎታቸው ቀነሰ፤ ከዚያም እንደ መጀመሪያው ባለ ጥያቄ ውጤታቸው ዝቅ አለ። በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ተሻሻሉ።

እንግዲህ መምህሩ ወረቀት ሲመልስ ስሕተቱ የተፈጠረበትን እርምጃ ያመልክት፤ ተማሪውም «ስንት አገኘሁ?» ከማለት አልፎ «የት ላይ ሳትሁ?» ብሎ ይጠይቅ።