ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር የዘር ማበጠሪያ ማሽን የኤሌክትሪክ መከላከያ አመራረጥ

1. መግቢያ

በተሳቢ ላይ የተጫነ የዘር ማበጠሪያ ማሽን ለዘር አምራች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጠው ጥቅም ከፍ ያለ ነው። አንዱ ማሽን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ እየተዘዋወረ የብዙ አባላትን ምርት ያበጥራል። ይሁን እንጂ በአንድ ቤት ውስጥ ተተክሎ ከሚሠራ ማሽን የሚለይበት ነገር አለ፤ ይኸውም በደረሰበት ቦታ ሁሉ ከማይታወቅ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር የሚገናኝ መሆኑ ነው። ዛሬ ከወፍጮ ቤት፣ ነገ ከመጋዘን፣ ከዚያም ከጄኔሬተር ኃይል ይወስዳል።

የመኸር ምርት ከተወቃ በኋላ እስከ ክረምት መግቢያ ያለው ጊዜ የማበጠሪያው የሥራ ወቅት ነው። ሞተሩ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ቢቃጠል ተጠቅልሎ እስኪመለስ የመዝሪያው ጊዜ ይደርሳል። አባላትም ከአረም ፍሬና ከተሰባበረ እህል ያልጠራ ዘር ለመዝራት ይገደዳሉ። ከዚህም ሌላ በጎማ ላይ የቆመ የብረት ተሳቢ በሚገባ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

«ሰርጅ መከላከያ» የሚባለው ዕቃ ከተገጠመ ማሽኑ ከማናቸውም የኃይል ጉድለት ይድናል የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ ትክክል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትኛው መከላከያ ከየትኛው ጉዳት እንደሚያድን ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለማኅበራት አመራር አባላት ማስረዳትና በግዢ ጊዜ ምን መታየት እንዳለበት ማመልከት ነው።

2. ማሽኑን የሚጎዱ የኃይል ጉድለቶች

በአገራችን የተለመደው መስመር በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት፣ በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት ነው። ከዚህ መጠን ርቆ የሚመጣ ኃይል በአራት ይከፈላል።

ሀ. ቅጽበታዊ ከፍተኛ ቮልቴጅ (ሰርጅ)። መብረቅ በመስመሩ ላይ ወይም በአቅራቢያው ሲወድቅ፣ ወይም ትልቅ ሞተርና የብየዳ ማሽን ሲበራና ሲጠፋ ይፈጠራል። ቁመቱ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊደርስ ቢችልም የሚቆየው ከአንድ ሴኮንድ እጅግ ላነሰ ጊዜ ነው። የሽቦን ልባስ ይበሳል፤ የኤሌክትሮኒክ ክፍሎችን ያቃጥላል።

ለ. የቆየ ዝቅተኛ ቮልቴጅ። መስመሩ ሲረዝም ወይም ጭነት ሲበዛበት ይከሰታል። የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ በበለጠ ፍጥነት ይቀንሳል። ቮልቴጁ ወደ 80 በመቶ ቢወርድ ጉልበቱ ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ ጭነቱን ለመሸከም ብዙ አምፔር ስለሚስብ ይግላል።

ሐ. የአንድ ፌዝ መቋረጥ። በሥራ ላይ ያለ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር አንዱ ፌዝ ቢቋረጥበት ብዙ ጊዜ አይቆምም፤ በቀሩት ሁለት ፌዞች እያጉረመረመ መዞሩን ይቀጥላል። በሙሉ ጭነት 8 አምፔር ይስብ የነበረው በቀሩት ሽቦዎች ወደ 14 አምፔር ይስባል። በጊዜው ካልጠፋ ይቃጠላል።

መ. የኒውትራል መቋረጥ። ኒውትራሉ ሲላላ ወይም ሲበጠስ በአንዱ ፌዝ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወርዶ በሌላው ላይ እስከ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። አምፖል፣ የጆንያ መስፊያ፣ የኤሌክትሮኒክ ሚዛንና በ220 ቮልት የሚሠሩ ሌሎች ዕቃዎች በዚህ ይጠፋሉ።

ሰርጅ መከላከያ የሚያገለግለው በ«ሀ» ለተመለከተው ብቻ ነው። ለሦስቱ የሚያገለግለው የፌዝና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሪሌይ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ሁለቱንም መግዛት ይኖርበታል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለሞተሩ ሪሌዩ ይቅደም፤ መብረቅ ሲኖር ማሽኑን ከመስመር ነቅሎ ማቆየት ይቻላል፤ የተቋረጠን ፌዝ ግን ኦፕሬተሩ በዓይኑ ሊያየው አይችልም።

3. ከሁሉ አስቀድሞ መሬት ማስያዝ

ሰርጅ መከላከያ ትርፉን ኃይል አያጠፋውም፤ ወደ መሬት ያሳልፈዋል። መሬት የማስያዣው መስመር ከሌለ ወይም ደካማ ከሆነ የተገዛው ዕቃ ውድም ቢሆን የሚፈለገውን ጥቅም አይሰጥም።

ማበጠር የሚከናወነው በአብዛኛው በበጋ ነው። በበጋ አፈሩ ስለሚደርቅ ኤሌክትሪክን የማሳለፍ ችሎታው ይቀንሳል። በመሆኑም ቀጥሎ የተመለከተውን መፈጸም ያስፈልጋል።

— ተሳቢው መዳብ የተለበጠ የብረት ዘንግ ይዞ ይዘዋወር። ዘንጉ ከ1.5 ሜትር ባያንስ መልካም ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ እስከ አናቱ ይተከል፤ ዙሪያው ውኃ ይጠጣ።
— አንዱ ዘንግ ካልበቃ የዘንጉን ርዝመት ያህል ርቆ ሁለተኛ ይተከልና ይያያዙ።
— የተሳቢው ብረት፣ የሞተሩ አካልና የመቆጣጠሪያ ሣጥኑ በአንድ የመሬት ሽቦ ይገናኙ። ቀለም የተቀባ ብረት ተፍቆ ይታሰር።
— ኒውትራሉን ከተሳቢው ብረት ጋር ማገናኘት ፈጽሞ አይፈቀድም። ኒውትራሉ ከውጭ ቢበጠስ የተሳቢው ብረት በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ከዚህ ጋር በ30 ሚሊ አምፔር የሚቋረጥ የፍሳሽ ኃይል ማቋረጫ ብሬከር ይገጠም። ይህ ብሬከር ኃይል በሰው ገላ ወይም በብረቱ በኩል ወደ መሬት ሲፈስ ወዲያው ያቋርጣል። ሰርጅ መከላከያና የቮልቴጅ ሪሌይ ይህን ሥራ አይሠሩም።

4. ሰርጅ መከላከያ ሲመረጥ

በገበያ የሚገኘው ዕቃ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሰርጅ ይከላከላል ተብሎ የሚሸጥ ዲቫይደር ለቴሌቪዥንና ለኮምፒውተር የተሠራ በመሆኑ ለማሽን አይበቃም። ስታቢላይዘርም የቆየ መዋዠቅን ለማስተካከል እንጂ ለመብረቅ የተሠራ አይደለም። ለማበጠሪያ የሚስማማው በመቆጣጠሪያ ሣጥን ውስጥ በሐዲድ ላይ የሚገጠመው ዓይነት ነው። ከመገዛቱ በፊት ሰሌዳው ላይ የሚከተሉት ይነበቡ።

1ኛ. ዓይነት። «ቲ1» በሕንፃው ላይ የመብረቅ መሳቢያ ዘንግ ላለበት ዋና መግቢያ ነው። «ቲ2» ለማከፋፈያ ሣጥን ነው። «ቲ3» ከቲ2 በኋላ ለስስ ዕቃ የሚጨመር ነው። ለተሳቢ ማሽን ቲ2 ይመረጣል።

2ኛ. የዘወትር መቋቋሚያ ቮልቴጅ (ዩ-ሲ)። መከላከያው ሳይጎዳ ዘወትር ሊሸከመው የሚችለው ነው። ከ275 ቮልት ማነስ የለበትም። መስመሩ በሚዋዥቅበት አካባቢ 320 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሆነው የተሻለ ዕድሜ ይኖረዋል።

3ኛ. የሚያሳልፈው ቮልቴጅ (ዩ-ፒ)። ሰርጅ ሲመጣ ወደ ማሽኑ የሚያልፈው ቀሪ ቮልቴጅ ነው። ዝቅ ያለው ይመረጣል። ኤሌክትሮኒክ ክፍል ላለው ማሽን ከ1.5 ኪሎ ቮልት ባይበልጥ ይሻላል፤ በምንም ሁኔታ ግን ከ2.5 ኪሎ ቮልት መብለጥ የለበትም።

4ኛ. የማሳለፍ ችሎታ (አይ-ኤን)። በኪሎ አምፔር ይጻፋል። ዝቅተኛው 5 ኪሎ አምፔር ነው፤ በብዛት የሚገኘው ባለ 20 ግን ለረጅም አገልግሎት ይመረጣል። «አይ-ማክስ» የሚለው ቁጥር ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ስለሚያመለክት ሁለት ዕቃ ሲወዳደር ተመሳሳዩ ቁጥር ከተመሳሳዩ ጋር ይነጻጸር።

5ኛ. የቀንዶች ቁጥር። ለባለ ሦስት ፌዝ መስመር ሦስቱን ፌዝና ኒውትራሉን የሚሸፍን ባለ አራት ይገዛ። ማሽኑ በራሱ ዘንግ መሬት የሚይዝ በመሆኑ «3+1» የተባለው አሠራር ይመረጣል። በዚህ አሠራር የመከላከያው ክፍል ቢያረጅም ከፌዝ ወደ መሬት የማያቋርጥ ፍሳሽ አይፈጥርም።

6ኛ. የሁኔታ ማሳያ መስኮት። ሰርጅ መከላከያ በእያንዳንዱ ምት እየደከመ የሚሄድ ዕቃ ነው። መስኮቱ አረንጓዴ ከሆነ በአገልግሎት ላይ ነው፤ ቀይ ከሆነ ማሽኑ ቢሠራም መከላከያ የለውም ማለት ነው። ክፍሉ ብቻ ተነቅሎ የሚተካው ዓይነት በኋላ ወጪ ይቀንሳል።

5. የፌዝና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሪሌይ ሲመረጥ

ሪሌዩ መስመሩን እየለካ ኮንታክተሩን ያዛል። ጉድለት ሲያይ ኮንታክተሩ ይለቃል፤ ሞተሩም ይቆማል። የሚገዛው ሪሌይ የሚከተሉትን ማሟላት አለበት።

— ዝቅተኛና ከፍተኛ ቮልቴጅን ይቁረጥ። ብዙ ሞተሮች 10 በመቶ መውጣትና መውረድን ስለሚችሉ በፌዞች መካከል ከ342 በታችና ከ418 በላይ ሲሆን እንዲያቋርጥ ይስተካከል።
— የፌዝ መቋረጥንና አለመመጣጠንን ይለይ።
— የኒውትራል መቋረጥን ይለይ፤ ይህም ከኒውትራሉ ጋር የሚገናኝ ሪሌይ መሆን አለበት ማለት ነው።
— የፌዝ ቅደም ተከተልን ይለይ። ይህ ለሚዘዋወር ማሽን ዋና ነገር ነው። በአዲሱ ቦታ ሁለት ፌዝ ተቀያይረው ቢገኙ ማራገቢያውና አሳንሰሩ ወደ ኋላ ይዞራሉ።
— ለዝቅተኛ ቮልቴጅ የጥቂት ሴኮንድ መዘግየት ይኑረው። ሞተር ሲነሳ ቮልቴጅ ለአፍታ ስለሚወርድ መዘግየት ከሌለ ያለ ምክንያት ያቋርጣል።
— የቮልቴጁን መጠን በቁጥር ያሳይ። ኦፕሬተሩ ሣጥኑን ሳይከፍት ለማንበብ ይችላል።

ኃይል ሲመለስ ሞተሩ በራሱ እንዲነሳ መደረግ የለበትም። ኃይል ጠፋ ብሎ ወንፊት የሚያጸዳ ወይም ቀበቶ የሚያስተካክል ሠራተኛ እጁን ሊያጣ ይችላል። ማስነሻው በሰው እጅ የሚጫን ቁልፍ ይሁን። ኮንታክተሩ ኦቨርሎድ ሪሌይ ያለው መሆኑም ይረጋገጥ።

6. አገጣጠም

ገጠማው ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይከናወን። የማኅበሩ ተወካይ ግን የሚከተለውን መከታተል ይችላል።

ሰርጅ መከላከያው ኃይል ወደ ሣጥኑ በሚገባበት በኩል ይቀመጣል፤ አምራቹ ባዘዘው ፊውዝ ወይም ብሬከርም ይጠበቃል። ከፌዝ ወደ መከላከያው፣ ከመከላከያው ወደ መሬት ማሰሪያው ያለው ሽቦ በድምሩ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይገባል። መብረቅ በፍጥነት ሲያልፍ አንድ ሜትር ሽቦ ብቻውን ወደ 1,000 ቮልት ሊጨምር ስለሚችል ረጅም ሽቦ የጥሩውን መከላከያ ጥቅም ያስቀራል። ሽቦው መዳብና ከ6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ መጠምጠም የለበትም።

7. በየቦታው የሚደረግ ምርመራ

ማሽኑ ወደ አዲስ ቦታ በደረሰ ቁጥር ኦፕሬተሩ በዚህ ቅደም ተከተል ይሥራ።

1ኛ. የመሬት ዘንጉን ተክሎ ሽቦውን ያስር። ኃይል የሚያገናኘው ከዚህ በኋላ ነው።
2ኛ. ኬብሉን ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ይፍታ፤ የተጠቀለለ ኬብል በሥራ ላይ ይግላል።
3ኛ. ሞተሩን ሳያስነሳ በፌዞች መካከል ያሉትን ሦስት ቮልቴጆች ያንብብ። ከሦስቱ አማካይ በ5 በመቶ፣ ማለትም በ19 ቮልት ያህል የራቀ ካለ ሞተሩ አይነሳ።
4ኛ. እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር ከ198 እስከ 242 ቮልት መሆኑን ያረጋግጥ። አንዱ እጅግ ዝቅ፣ ሌላው እጅግ ከፍ ካለ ኒውትራሉ ተቋርጧል ወይም ላልቷል፤ ኬብሉ ወዲያው ይነቀል።
5ኛ. የፍሳሽ ማቋረጫውን የመሞከሪያ ቁልፍ ይጫን፤ ካላቋረጠ ሥራ አይጀመር።
6ኛ. የሰርጅ መከላከያው መስኮት አረንጓዴ መሆኑን ይመልከት።
7ኛ. ማሽኑን ያለ ጭነት አስነስቶ የአዟዟር አቅጣጫውን ይይ። እህል ከገባበት በኋላም ቮልቴጁን እንደገና ያንብብ፤ የደካማ መስመር ጉድለት የሚታየው ጭነት ሲኖር ነው።

ነጎድጓድ ሲሰማ ማሽኑ ይቁም፤ ዋናው ማቋረጫ ከጠፋ በኋላ ኬብሉ ይነቀል፤ ሰዎችም ከተሳቢውና ከመሬት ዘንጉ ይራቁ። በቀጥታ የሚወድቅን መብረቅ ሊመልስ የሚችል የሣጥን መከላከያ የለም። ኃይሉ ከጄኔሬተር በሚወሰድበት ጊዜ ቮልቴጁ በሪሌዩ ላይ ሳይነበብ ማሽኑ አይነሳ።

8. ማጠቃለያ

ማኅበሩ የሚዘዋወር ማሽኑን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው አንድ ውድ ዕቃ ሳይሆን አራት ነገሮች ናቸው። እነርሱም አስተማማኝ የመሬት ማስያዣ፣ ለሰው ሕይወት የፍሳሽ ማቋረጫ ብሬከር፣ ለሞተሩ የፌዝና የቮልቴጅ ሪሌይ፣ ለመብረቅና ለሰርጅ ቲ2 መከላከያ ናቸው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ማኅበሩ ዋጋ ሲያጠያይቅ በክፍል 4 እና 5 የተዘረዘሩትን ነጥቦች ለግዢ ኮሚቴው እንዲያስረዳ፣ በክፍል 7 ያለውን ቅደም ተከተል ደግሞ በመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ክዳን ላይ እንዲለጠፍ እንዲያደርግ ይመከራል። የየዕለቱ የቮልቴጅ ንባብ በመዝገብ ቢያዝ በሚቀጥለው ዓመት የትኛው ቦታ ለሥራ እንደሚያመች፣ የትኛው መስመር እንዲጠገን ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ማመልከት እንደሚገባ ለመወሰን ይረዳል።