ስለ እንግዳ ማዕድ

እንግዳ በመጣ ጊዜ እግሩን ማጠብ፥ በመደብ ላይ አጎዛ አንጥፎ ማስቀመጥ፥ በቤት ያለውንም መብል ማቅረብ የኢትዮጵያ ሰዎች የቆየ ልማድ ነው። አብርሃምም በመምሬ ዛፍ አጠገብ ሦስት እንግዶች በመጡበት ጊዜ ሮጦ ተቀበላቸው። ሣራ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ ጋገረች፤ እርሱም ጥጃ አሳርዶ ከእርጎና ከወተት ጋር አቀረበላቸው። ይህ ደግ አቀባበል ነው። ነገር ግን ያ ማዕድ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቀን ለሐይቅ ክርስቲያን ቀርቦ ቢሆን፥ እንግዳው አመስግኖ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር እንጂ አይቀምሰውም። ስለዚህ እንግዳን ለማብላት የሚወድ ሰው አስቀድሞ እንግዳው የሚበላውንና የማይበላውን ማወቅ ያስፈልገዋል።

ይህን ነገር በወሎ፥ በሐይቅና በአምባሰል አገር የሚኖሩ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምረው ይማሩታል። ሐይቅ ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ወደ ውሃው ገባ ባለው መሬት ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ስፍራው ቀድሞ ደሴት ነበረ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚያ ገዳም ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። በሐይቁ ዙሪያ ባለው አገር እስላሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። በአንድ ዘመድ መካከል እንኳ ሁለቱም ይገኛሉ፤ በሰርግና በልቅሶም አንዱ ከሌላው አይቀርም።

በሥጋ ነገር ግን ይለያያሉ። እስላሙ እስላም «ቢስሚላህ» ብሎ ያረደውን ይበላል፤ ክርስቲያኑም ክርስቲያን በስመ ሥላሴ ያረደውን ይበላል፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይነካም። ስለዚህ ድግስ ያለበት ሰው ሁለት ከብት አዘጋጅቶ አንዱን በክርስቲያን፥ ሁለተኛውን በእስላም ያሳርዳል። ቢላዋው፥ ድስቱና ጭልፋው ይለያል፤ ወጥ ሠሪዎቹም ይለያሉ። ደግሞ የጾም ሕግ አለ። ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብ፥ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን፥ ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቁላል አይበላም። እስላሙም በረመዳን ወር ጎሕ ከቀደደ ጀምሮ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እህልም ውሃም አይቀምስም።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው «እንግዲያስ ምን ሊሠራ ነው?» ይል ይሆናል። የሐይቅ ሴቶች ግን በዚህ አይቸገሩም። ሽሮ፥ ምስር፥ ክክና ጎመን በኑግ ወይም በሰሊጥ ዘይት የተሠራ እንደ ሆነ ለሁሉም ይሆናል፤ የሱፍ ፍትፍትም እንዲሁ ነው። ምንም እንኳ የጾም ወጥ የድኻ ወጥ ነው የሚሉ ሰዎች ቢኖሩ፥ ሁለቱ ጎረቤቶች ከአንድ መሶብ የሚቈርሱት በእርሱ ነው።

እንግዳን ከመብል የሚከለክለው ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ በሽታም ይከለክለዋል። የደም ግፊት ያለበትን ሰው ሐኪሙ ጨው ቀንስ ይለዋል። የስኳር በሽታ ያለበት ከብርዝ ይርቃል። ስንዴና ገብስ አንጀቱን የሚጎዱት ሰውም አለ፤ በጤፍ ውስጥ የሚጎዳው ነገር ስለማይገኝ ለእርሱ የጤፍ እንጀራ መልካም ነው። ነገር ግን ጋጋሪዋ በጤፉ ላይ ጥቂት የገብስ ዱቄት ቀላቅላ እንደ ሆነ እንግዳው በዓይኑ አይቶ ሊለየው አይችልም። ሊያውቀው የሚችል ከእርስዋ አፍ ብቻ ነው። እንግዳ በሰው ቤት የሚበላው የባለቤቲቱን ቃል አምኖ ነውና።

በሐይቁ አጠገብ ባለች መንደር አንዲት ክርስቲያን ሴት ከባልዋና ከልጅዋ ጋር ትኖር ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን፥ ሐሙስ ወደ ማታ፥ ባልዋ ሁለት እንግዶች ይዞ ገባ። አንዱ ከአምባሰል የመጡ እስላም ሽማግሌ ነበሩ፤ የጠፋውን በሬውን አግኝተው እስከ ደጁ ነድተው አምጥተውለታል። ሁለተኛው ወደ ገዳሙ ሲመለሱ በመንገድ የመሸባቸው አረጋዊ መነኩሴ ነበሩ። እኒህ አባት ከመነኮሱ ጀምሮ ሥጋና ቅቤ ባፋቸው አልዞረም።

ሴቲቱ በሬውን ስላመጡት ሽማግሌ ዶሮ ልትሠራ ወደደች። ነገር ግን እስላም ጎረቤትዋን ጠርታ ዶሮውን አሳረደችው እንጂ በቤትዋ ሰው አላሳረደችም። ከሚስቱም ድስትና ጭልፋ ተዋሰች። እንግዳው ለብቻቸው እንዳይበሉ ጎረቤትየውን ለራት አስቀረችው። ለመነኩሴውና ለቤተ ሰቡ በራስዋ ድስት ሽሮ ጣደች። ሁለቱ ድስቶች ጎን ለጎን ይንተከተኩ ነበር።

ሴቲቱ እንጀራ ልታወጣ ወደ ጓዳ በገባች ጊዜ ሽሮው ሊገነፍል ተነሣ። ልጅቱ ደንግጣ በእጅዋ የገባውን ጭልፋ አንሥታ አማሰለችው። ያ ጭልፋ ከዶሮው ወጥ የወጣው ነበር። ቅቤው በሽሮው ላይ ብልጭ አለና ጠፋ። ማንም አላየም።

ልጅቱ ጥቂት ጊዜ ቆመች። በቁናው ውስጥ የቀረው የሽሮ ዱቄት እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ ታውቃለች፤ እናትዋ እንድትቈጣም ታውቃለች። ከዚያ ወደ ጓዳው ገብታ በጆሮዋ ነገረቻት።

እናትዋም፦ «ማን አየሽ?» አለቻት።

«ማንም አላየኝም።»

«እንግዲያስ ዝም በይ፤ እንግዶቹ ርቧቸዋል» አለችና እንጀራውን በመሶቡ ላይ ዘረጋች። ሽሮውንም ልታወጣ ጭልፋውን አነሣች። በዚያ ጊዜ መነኩሴው እጃቸውን ታጥበው ማዕዱን ሊባርኩ ሲነሡ አየች። እጅዋ ቀረ። ጭልፋውን አስቀምጣ ወደርሳቸው ቀረበችና፦ «አባቴ፥ ይቅር ይበሉኝ፤ ሽሮውን ቅቤ ነክቶታል። ሌላ እስክሠራ ድረስ ራት ይዘገይብዎታል» አለች። ባልዋ በእንግዶቹ ፊት አፍሮ አንገቱን ደፋ።

መነኩሴውም፦ «ማን ነገረሽ?» ብለው ጠየቁ።

«ልጄ ናት፤ ያጠፋችውም የነገረችኝም እርስዋ ናት። እኔ ግን ዝም በይ ብያት ነበር።»

መነኩሴው ልጅቱን ጠርተው በመስቀላቸው ባረኳት። «ቆሎ ካለ ስጡኝ፤ የመነኩሴ ሆድ መጠበቅ ለምዷል» አሉ።

የአምባሰሉ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። ልጅቱ እያለቀሰች ወደ ምድጃው ስትመለስ፦ «አብሽሪ ልጄ፥ አታልቅሺ። እስቲ ንገሪኝ፤ የሽሮው ጭልፋስ ወደ እኔ ድስት ገብቷልን?» አሏት።

«አልገባም አባቴ። የርስዎን ጭልፋ በሙቅ ውሃ አጥቤ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።»

«እንግዲያስ ቃልሽን አምኜ እበላለሁ። ነገር ግን አባ ሳይበሉ አልጀምርም» አሉና ከቀረበላቸው መሶብ ፈቀቅ አሉ።

ሴቲቱ ድስቱን በአመድና በሙቅ ውሃ ፈትጋ አጠበች። የቀረውንም ዱቄት በኑግ ዘይት ሠራችው፤ ወጡ ቀጠን ያለ ነበር። ሰዎቹ ቆሎ እየቆረጠሙ ስለ በሬው መጥፋት ሲጫወቱ ቆዩ። ሽሮው በደረሰ ጊዜ መነኩሴውና ቤተ ሰቡ በአንድ መሶብ፥ ሽማግሌውና ጎረቤትየው በሌላ መሶብ፥ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። ቅቤ የነካውንም ሽሮ ጎረቤትየው ለልጆቹ ይዞት ሄደ።

በማግሥቱ ልጅቱ የተዋሱትን ድስትና ጭልፋ አጥባ መለሰች። ከዚያ በኋላ በቤታቸው ባለው የጾም ጭልፋ እጀታ ላይ፥ በጨለማም በእጅ ዳስሶ እንዲታወቅ፥ የጥጥ ፈትል ጠምጥማ አሰረችበት።