ያላሰብነው ገንዘብ ሲገኝ

በዛሬው የትምህርት አምዳችን ሳይታሰብ የተገኘ ገንዘብን ለሌላው ስለ ማካፈል ትንሽ ነገር ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። መልካም ንባብ!

1. ያልታሰበ ገንዘብ ምንድን ነው?
ሳንጠብቀው እጃችን የሚገባ ገንዘብ ነው። ለምሳሌ ሎተሪ፣ ሽልማት፣ ዘመድ ከሩቅ ሲመጣ የሚሰጠን ብር። እኛ ልጆችም በቡሄ ሆያ ሆዬ ስንጨፍር፣ በእንቁጣጣሽ አበባ ስንሰጥ አንዳንዴ ካሰብነው በላይ እናገኛለን። መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘ ብር ግን ከዚህ አይቆጠርም። እሱ ባለቤት አለው፣ መጀመሪያ ባለቤቱ ይፈለጋል። የሰው ገንዘብ ወስዶ ለችግረኛ መስጠት ደግነት አይባልም።

2. ከታሪክ ምሳሌ
በ1964 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ህንድን ሲጎበኙ የተጠቀሙበትን መኪና ለማዘር ቴሬዛ ሰጧቸው። እሳቸውም መኪናውን ለራሳቸው አላስቀሩትም፣ ቶምቦላ አወጡበት። ገንዘቡንም የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ለሚኖሩበት መንደር ማሠሪያ አዋሉት። በ1979 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኙ ደግሞ የራት ግብዣው ቀርቶ ወጪው ለድሆች እንዲሰጥ ጠየቁ። ልብ በሉ! መኪናው ቢቀመጥ የሚጠቅመው ጥቂት ሰው ነበር፣ ሲተላለፍ ግን ለመንደር ተረፈ።

3. እኛስ ምን እናድርግ?
መኪና የሚሰጠን የለም። ግን እንደምሳሌ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢኖርና ሁሉም ከእንቁጣጣሽ ብሩ 10 ብር ቢያዋጣ 500 ብር ይሆናል። በዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ!

4. ጥንቃቄ
አንዲት የማውቃት ልጅ በሰልፍ ላይ ስሟ ተጠርቶ ደብተር ተሰጣት። ሁላችንም አጨበጨብን። እሷ ግን አንገቷን ደፋች፣ በማግስቱም ትምህርት ቤት አልመጣችም። እኔ ሳስበው የከበዳት ደብተሩ አይደለም፣ ጭብጨባው ነው። ስለዚህ ያዋጣነውን ለስም ጠሪ መምህራችን እንስጥ፣ መምህሩም ለብቻ ጠርቶ ይስጥ። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ የሚለው አይወራ። የተቀበለውም ልጅ ከሌሎቻችን እኩል ቀና ብሎ ይማር።

የመልመጃ ጥያቄዎች
ሀ. ወድቆ የተገኘ ብር ያልታሰበ ገንዘብ ውስጥ ለምን አይቆጠርም?
ለ. ማዘር ቴሬዛ መኪናውን ምን አደረጉበት?
ሐ. ክፍላችሁ 500 ብር ቢያገኝ ማንንም ሳታሳፍሩ እንዴት ታካፍላላችሁ?



አዘጋጅ፦ ከ7ኛ «ለ» ክፍል