ከሳንባ የበቀለና ወደ ሳንባ የመጣ ካንሰር

የሕክምና ተማሪዎች ሳንሆን በዚህ ነገር መግባታችን የሚያስገርማቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ችግሩ ከስም ይጀምራል፤ ስም ደግሞ የቋንቋ ተማሪ ድርሻ ነው። «የጡት ነቀርሳ» ስንል ካንሰር ማለታችን ሲሆን፥ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ግን ቲቢ ማለታችን ነው። እንግዲህ ከባሌ ገጠር ወደ ጎባ ሆስፒታል መጥታ «ሳንባሽ ላይ ነቀርሳ አለ» የተባለች እናት የትኛውን ትረዳ? ስለዚህ እኛ ካንሰር እንላለን።

ሁለተኛው የስም ችግር ከዚህ ይከፋል። ካንሰር የሚጠራው በተነሣበት አካል እንጂ በተገኘበት አይደለም። በሮቤ ሜዳ በገብስ ማሳ መካከል የበቀለውን ስንዴ ገብስ ብሎ የሚጠራ ገበሬ የለም፤ ከጡት ተነሥቶ ሳንባ የገባ ካንሰርም የጡት ካንሰር ነው። በዘር የመሰልነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፓጀት በ1889 እ.ኤ.አ. በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን መዝገብ መርምሮ፥ ካንሰር እንደ ዘር የሚስማማውን አፈር ሲያገኝ ይበቅላል ሲል ጽፎአል። ሳንባም የተጋለጠ አፈር ነው፤ ከመላው ሰውነት የተመለሰው ደም ሁሉ በሳንባ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ያልፋልና።

እንዴትስ ይለያል? ራጅ ሲነሣ በሁለቱም ሳንባዎች፥ ይልቁንም በታችኛው ክፍል፥ ብዙ ድቡልቡል ጥላዎች ከታዩ ከሌላ የመጣ መሆኑ ይጠረጠራል። ጠርዙ ያልተስተካከለ አንድ እብጠት ብቻ ከሆነ ከሳንባው ከራሱ የበቀለ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የአንጀትና የኩላሊት ካንሰር በሳንባ አንድ እብጠት ብቻ ሊያበቅሉ ይችላሉ፤ ቲቢም ሁለቱንም መምሰል ያውቅበታል። ፍርዱን የሚሰጠው ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ነው። ቲ.ቲ.ኤፍ. አንድ የተባለው ፕሮቲን ከተገኘበት ወደ ሳንባ ያመለክታል (የታይሮይድ ካንሰርም ይህንኑ ስለሚያሳይ አንገትን መዳሰስ አይዘነጋም)፤ አለመገኘቱ ግን ሳንባን ነጻ አያወጣም። የኤስትሮጅን ተቀባይ በብዛት ከታየ ጥርጣሬው ወደ ጡት ይዞራል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ይህ ተቀባይ ያለው የጡት ካንሰር ከሆነ፥ እናቲቱ እንደ ታሞክሲፌን ያለ እንክብል በየቀኑ እየዋጠች በቤቷ ዓመታት ልትኖር ትችላለች፤ ከሳንባ የበቀለውን ግን በዚህ እንክብል አናክመውም። ከዓመታት በፊት ከጡቷ እብጠት ወጥቶላት እንደ ሆነ ደግሞ፥ ሳልና ጡት ምን አገናኛቸው ብላ ሳትናገር ትቀራለች። ስለዚህ ከሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የምትላክ በሽተኛ የድሮውን የምርመራ ወረቀት ይዛ መሄድ አለባት፤ ሐኪሞች አዲሱን ናሙና ከአሮጌው ጋር የሚያስተያዩት በእርሱ ነው።