ከበድር የቀሩት ባል

በሂጅራ 2ኛው ዓመት ሙስሊሞች ወደ በድር ሲዘምቱ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ) መዲና ቀሩ። የታመሙት ባለቤታቸውን ሩቀያን እንዲያስታምሙ ያዘዟቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ። ሩቀያ አልዳኑም፤ ለዑስማን ግን የዘማች ድርሻ ተሰጣቸው።

ባለቤቴ የካንሰር መድኃኒት በደም ሥሯ በወሰደች በ10ኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ሊጡ ኮመጠጠ፤ በከሰል የጣድኩት ሽሮም አረረ። ግንባሯን ስነካ ይፋጃል። «ተወው፣ ይነጋል» አለችኝ። ቴርሞሜትሩ 38.4 አሳየ። (ስንቶቻችን ቤት ይኖር ይሆን?) ወንድሞቼ፣ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ እንዲህ ያለ ትኩሳት ንጋት አይጠበቅለትም። ድስቱን ትቼ ታክሲ ፍለጋ ሮጥኩ። ሌሊቱን በደም ሥሯ አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ጠዋት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሽሮው ነበር።