የተራራ መንገድና የሰው ጤና
(ከሆንግ ኮንግ የሚገኝ ትምህርት)

በከተማ የሚኖር ሰው ንጹሕ አየርና የእግር ጉዞ ለሰውነቱ እንደሚያስፈልጉት ያውቃል። ነገር ግን ወደ ተራራ መውጣት የራሱ ጥንቃቄ ያለው ሥራ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን፣ ፎቅ ከፎቅ ተጠጋግቶ የተሠራባትን ሆንግ ኮንግን እንመለከታለን፤ ይህች ከተማ የተራራን ጥቅምና አደጋ በአንድነት ታሳየናለችና። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከተማውና ተራራው

ሆንግ ኮንግ በደቡብ ቻይና ባሕር ዳር ትገኛለች። ስፋቷ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ሕዝቧ ግን 7 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነው። አብዛኛው መሬቷ ተዳፋት ስለሆነ ሕዝቡ በጠባቡ ሜዳ ላይ ተጨናንቆ ይኖራል። መጨናነቅ የሚያመጣው ጉዳት በ1894 ታይቷል፤ በዚያ ዓመት ቸነፈር በገባ ጊዜ እጅግ የተጎዳው፣ ጠባብና አየር የማይገባባቸው ቤቶች የበዙበት ታይ ፒንግ ሻን የተባለው ሰፈር ነበር። ሐኪሙ አሌክሳንድር የርሲን የበሽታውን ተሕዋስ ያገኘውም በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ ነው።

በ1976 ስለ ገጠር መናፈሻዎች ሕግ ወጣ፤ ዛሬም ከመሬቱ ከመቶ 40 ያህሉ ተጠብቆ የተያዘ ደንና ተራራ ነው። በ1979 ደግሞ በአገረ ገዥው በመሪ ማክሊሆዝ ስም የተጠራው የ100 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ተከፈተ። ይህ መንገድ በ10 ክፍል የተከፈለ ስለሆነ፣ ሰው አቅሙን መዝኖ አንዱን ብቻ ሊሄድ ይችላል። በየ500 ሜትሩም ቍጥር የተጻፈበት ምሰሶ ቆሟል፤ የተጎዳ ሰው ቢኖር ቍጥሩን መናገር ብቻ ለረዳቶች ቦታውን ያስታውቃል።

የጉዞው ጥቅም

የዓለም ጤና ድርጅት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ፈጠን ብሎ መራመድ ይህን ይሞላል፤ ልብን ያጠነክራል፣ የደምን ግፊትና ስኳር ለመቈጣጠር ይረዳል፣ እንቅልፍን ያሻሽላል፣ የታወከ አሳብንም ያሳርፋል።

አደጋው

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1996 አንድ የትምህርት ቤት ጓድ ፓት ሲን ሌንግ በተባለው ተራራ ሲጓዝ፣ በደረቀው ሣር ላይ የተነሣ እሳት ደረሰበት። 3 ተማሪዎችና 2 መምህራን ሞቱ፤ መምህራኑ የሞቱት ተማሪዎቻቸውን ለማዳን ሲጥሩ ነው። በዚያው ተራራ የቆመላቸው የመታሰቢያ ዳስ «የጸደይ ነፋስ» ተብሏል፤ በቻይናውያን ዘንድ የጸደይ ነፋስ የመልካም መምህር ምሳሌ ነውና።

እሳት በተዳፋት ላይ ወደ ላይ ይፈጥናል። ምክንያቱም ትኩሱ አየርና ነበልባሉ ከበላይ ያለውን ሣር አስቀድመው ያደርቁታል፤ የሰው እግር ግን ሽቅብ ሲወጣ ይደክማል። ስለዚህ ከእሳት ሽቅብ መሮጥ ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው አደጋ የበጋቸው ወበቅ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ግን ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ሙቀቱም በውስጥ ይከማቻል። ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። ሰውዬው ቢቃዥ ወይም ራሱን ቢስት የሙቀት ምታት ደርሶበታልና ሕይወቱ በአደጋ ላይ ናት።

ሦስተኛው ደራሽ ውሃ ነው። ዝናቡ ከላይ በተራራው ሲዘንብ፣ ከታች ፀሐይ ሳለ ወንዙ ይሞላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰና ከበረታ ከወንዙ ዳር ወዲያው መራቅ ይገባል።

ለመምህራን የተሰጠ ምክር

የአገራችን ተራራ ከሆንግ ኮንግ ቢለይም፣ የእሳትና የውሃ ጠባይ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ስለዚህ፦

1ኛ/ መምህሩ መንገዱን አስቀድሞ ሄዶ ይየው፤ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለትምህርት ቤቱ ጽፎ ይተው።

2ኛ/ ጉዞው በማለዳ ይጀመር። እያንዳንዱ ተማሪ የተጣራ ወይም የፈላ ውሃ በኮዳ ይያዝ፤ የምንጭ ውሃ ቢጠራም ሳይፈላ አይጠጣ።

3ኛ/ የጓዱ እርምጃ በደካማው ተማሪ አቅም ይለካ፤ አንድ አዋቂ ከፊት፣ አንድ አዋቂም ከኋላ ይሂድ።

4ኛ/ በደረቅ ወራት እሳት አይነድ፣ ሲጋራም አይጨስ። እሳት ቢነሣ ሣር ወደሌለበት ወይም አስቀድሞ ወደተቃጠለ ስፍራ፣ ቁልቁል ወይም ወደ ጎን ይሸሹ።

5ኛ/ ሙቀት የመታው ሰው በጥላ ይተኛ፤ ልብሱ ይላላ፤ ገላው በውሃ እየራሰ ይራገብለት፤ በፍጥነትም ወደ ሐኪም ይወሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ።

6ኛ/ ቆሻሻ በተራራ አይጣል። በሆንግ ኮንግ ሰው ሁሉ የራሱን ይዞ እንዲመለስ ብለው በ2017 በእግር መንገዶቹ ዳር የነበሩትን የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች አንሥተዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፣ ሰማዩ የጠቈረ ወይም ሣሩ የደረቀና ነፋሱ የበረታ እንደ ሆነ፣ ጉዞውን ለሌላ ቀን ማዛወር የፈሪ ሥራ አይደለም። ተራራው በሚቀጥለው ሳምንትም በስፍራው ይገኛል፤ የመምህሩም ተቀዳሚ ግዴታ ቈጥሮ የወሰዳቸውን ልጆች ቈጥሮ መመለስ ነው።