«ፈርሚ» ከማለትሽ በፊት

ልጄ፣ ባለፈው ቤት መጥተሽ «የመመረቂያ ጽሑፌን በሕክምና ሥነ ምግባር ላይ ልሠራ ነው፤ ከየት ልጀምር?» ስትይኝ ቶሎ ያልመለስኩልሽ ነገሩን አቅልዬው አይደለም። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ነርስነት ተምሬ፣ ግማሽ ዕድሜዬን እዚህ ጅቡቲ ከተማ በሽተኛ ሳነሣና ሳስተኛ የኖርኩ ሴት ነኝ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መቀመጥ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ያስገባኝንም ምክንያት ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ምክሬ የሚነሣው ከእሱ ስለሆነ ግን ላንቺ እጽፈዋለሁ።

1. ጥያቄሽን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ አንሺው።

ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ከወሎ የመጣች ልጅ በኦቦክ በኩል ወደ የመን ልትሻገር ስትል መንገድ ላይ ታማ እኔ ወደምሠራበት ቦታ አመጧት። ሆዷ መከፈት ነበረበት። የስምምነት ቅጹ በፈረንሳይኛ ነው፤ ሐኪሙ አማርኛ አያውቅም፣ እሷ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ነኝ። «ምን ይላል?» አለችኝ። «ወረቀት ነው፣ ግድ የለሽም፣ ፈርሚ» አልኳት። መጻፍ ስለማትችል አውራ ጣቷን ይዤ ቀለሙን አስነካሁትና ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ሕክምናው በደህና አለቀ፤ ሕይወቷም ተረፈ። በሦስተኛው ቀን ቁስሏን ሳጥብላት ቀና ብላ «ሲስተር፣ ምኔን ነው ያወጡት?» አለችኝ። ጎዙን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ማንም አልወቀሰኝም፤ ሐኪሙም አመስግኖኛል። እኔ ግን እዚያች ልጅ ላይ የሠራሁት ነገር ስም እንዳለው፣ ሰዎች እንደጻፉበት፣ ሕግም እንደወጣለት ያወቅሁት በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው። እንግዲህ «የሕክምና ሥነ ምግባር በአፍሪካ» የሚል ርዕስ ይዘሽ ብትገቢ ሺህ ጽሑፍ ያጥለቀልቅሻል። «በማታውቀው ቋንቋ በተጻፈ ቅጽ ላይ የምትፈርም ታካሚ ስትገጥማት፣ አስተርጓሚ የሆነችው ነርስ ምን ግዴታ አለባት?» ብለሽ ብትገቢ ግን የምትፈልጊውን ታውቂያለሽ። ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ደብተርሽ ላይ ሳትጽፊ ከቤት አትውጪ።

2. ቃሉን በየቋንቋው ፈልጊው።

እዚህ አገር የምትማሪው በፈረንሳይኛ ነው፤ የዓለም የሕክምና መጽሔት በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛሽ ደግሞ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ፣ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። እኛ «በቂ መረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት» የምንለውን እንግሊዝኛው «ኢንፎርምድ ኮንሰንት»፣ ፈረንሳይኛው «ኮንሳንትማን ኤክሌሬ» ይለዋል። በአንዱ ብቻ ከፈለግሽ የሌላውን ቋንቋ ሥራ አታገኚውም።

ሌላም ነገር አለ። የሕክምና መዛግብት የራሳቸው የርዕስ ቃል አላቸው። ፐብሜድ የሚባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ከ1997 ጀምሮ (ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በነጻ ለሁሉም የተከፈተ ነው፤ ጽሑፎቹ የሚደረደሩት «ሜሽ» በሚባል የቃላት ዝርዝር ነው። የእኛን አገር ከባድ ጉዳይ፣ የሴት ልጅ ግርዛትን ውሰጂ። የዓለም ጤና ድርጅት «የሴት ብልት ትልተላ» በሚል ስም ይጠራዋል። የፐብሜድ የርዕስ ቃል ግን ዛሬም «ሰርከምሲዥን፣ ፊሜል» ነው። ፈረንሳይኛ ጸሐፊዎች «ኤክሲዝዮን» ይላሉ፤ የተሰፋውን ለይተው «ኢንፊቡላስዮን» ይሉታል። እያንዳንዱ ቃል የተለየ ክምር ነው የሚያወጣልሽ። ስለዚህ ወረቀትሽን በአራት ዓምድ፣ ለአማርኛ፣ ለፈረንሳይኛ፣ ለእንግሊዝኛና ለርዕስ ቃል፣ ከፍለሽ ቃሎቹን ጻፊ፤ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ባገኘሽ ቁጥርም ሥሩ ያሉትን የርዕስ ቃላት እያየሽ ጨምሪበት። አሰልቺ ሥራ ነው። ሌላውን ሥራሽን ሁሉ የሚያቀልልሽ ግን ይኸው ነው።

3. ሁለት መደርደሪያ ፈትሺ።

በዲዊ አመዳደብ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ከሆነ የሕክምና ሥነ ምግባር በ174.2 ከፍልስፍናው ጋር ይቀመጣል፤ ነርሲንግ በ610.73 ከሕክምናው ጋር ነው። የነርስ ሥነ ምግባር መጽሐፍ ከሁለቱ በአንዱ ሊሆን ስለሚችል አንዱን አይተሽ «የለም» ብለሽ አትውጪ።

4. ርቆ ያለውን እዚሁ ሆነሽ አምጪው።

በዚህ ከተማ የጤና ሳይንስ ተቋማችሁ አለ፤ በ2006 የተመሠረተው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የፈረንሳይ ባህል ተቋም የመጻሕፍት ክፍል አለ። ጫቱ ገብቶ ከተማው ጸጥ ሲል፣ በሐምሌ ሙቀት አስፋልቱ ሲቀልጥ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ማንበብ በራሱ በረከት ነው። መደርደሪያቸው ላይ ያጣሽው ነገር ግን በቃ ጠፋ ማለት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ሂናሪ የሚባል አገልግሎት ጀምሯል፤ አሁን ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ሥር ነው። ሀብታም አገሮች በውድ የሚገዟቸውን የሕክምና መጽሔቶች ለድሃ አገር ተቋማት በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ይከፍታል። የሚመዘገበው ተቋሙ እንጂ ተማሪዋ አይደለችም። ስለዚህ ትምህርት ቤትሽ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ የይለፍ ቃሉም ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቂ። አንዳንድ ቦታ ቃሉ አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶበት ይኖራል፤ ያ ሰው ፈቃድ ሲወጣ ተማሪ ሁሉ ይቸገራል። ይህ ያስቆጣኛል፤ አንቺም እስኪሰጡሽ ድረስ ደጋግመሽ ሂጂ።

የአገራችንን ሥራም አትርሺ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎቹን በድረ ገጹ ማከማቻ አስቀምጧል፤ ስለ ነርሶችና ስለ ታካሚ ስምምነት የተሠሩ እዚያ ታገኛለሽ። የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ከ1962 ጀምሮ የሚወጣ ነው። ለንደን ላይ ከተጻፈው ይልቅ ጎንደርና ጅማ ላይ የተጻፈው ለእኛ አልጋ ይቀርባል።

5. «ይህ የማን ሕግ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። በፈረንሳይኛ ስትፈልጊ መጀመሪያ የሚመጣልሽ የፈረንሳይ ሕግ ነው፦ የመጋቢት 2002ቱ የታካሚዎች መብት ሕግ፣ የኅዳር 2016ቱ የነርሶች ሥነ ምግባር ድንጋጌ። ሁለቱም የሚነበቡ ናቸው። ግን ጅቡቲ ከሰኔ 27 ቀን 1977 ጀምሮ የራሷ አገር ነች፤ ፓሪስ በ2016 የደነገገው እዚህ ያለች ነርስን አያስርም። «ነርሷ በሕግ ግዴታ አለባት» ብለሽ ከጻፍሽ የየትኛው አገር ሕግ እንደሆነ አብረሽ ጻፊ። የጅቡቲን ሕግ ስትፈልጊ ወደ ራሷ ይፋ ጋዜጣ ሂጂ። ለምሳሌ በ1995 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 333 ግርዛትን ይከለክላል፤ በ2009 ደግሞ ተሻሽሏል። በ2006 በተደረገው ጥናት ከጅቡቲ ሴቶች 93 በመቶው ተገርዘው ነበር። ሕጉ ከወጣ 11 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ቤተሰቧ «እንደነበረች መልሺና ስፊያት» ብሎ ነርሷን ሲለምናት፣ ነርሷ የቆመችው በዚህ አንቀጽና በዚህ ቁጥር መካከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው ስትራቴጂ የጤና ባለሙያ ይህን እንዳይፈጽም አጥብቆ ይጠይቃል፤ ሰነዱ በነጻ ይገኛል።

የኢትዮጵያን ሕግ ስትፈልጊ ደግሞ ከዓመቱ ተጠንቀቂ። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ስለ ታካሚ ስምምነትና ስለ ምስጢር ጥበቃ ይደነግጋል። በነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ ቁጥሩ 299/2006 ነው፤ በእንግሊዝኛው ዓምድ 299/2013። አንድ ደንብ ነው፤ ዘመን አቆጣጠሩ ነው የተለየው። እኔ ሁለት ደንብ መስሎኝ አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ። ከዚያ በኋላ የወጡ አዋጆች የሻሩት ወይም ያሻሻሉት ነገር መኖር አለመኖሩንም ሳታረጋግጪ እንደሚሠራ ሕግ አትጥቀሺው።

ከአገር ሕግ ባሻገር ሁላችንን ነርሶችን የሚያገናኘን የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር መመሪያ ነው። መጀመሪያ በ1953 ጸደቀ፤ የመጨረሻው ክለሳ የ2021 ነው። ነርሷ ለታካሚው የሚገባው፣ ትክክለኛና በቂ መረጃ፣ በጊዜው፣ ለቋንቋውና ለባህሉ በሚስማማ መንገድ መድረሱን እንድታረጋግጥ ይላል። «ለቋንቋው» የሚለው ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ።

6. የሚጠቀሰውን ሰነድ ራሱን ክፈቺ።

«የሄልሲንኪ መግለጫ እንደሚለው» እያለ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ያነበበው ጥቂት። በ1964 የዓለም የሐኪሞች ማኅበር ያጸደቀው ይህ መግለጫ በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር ነው፤ የመጨረሻው ክለሳ በጥቅምት 2024 ወጥቷል። ስለ ዕለት ተዕለት ሕክምና ስምምነት ከጻፍሽ ዋናው ማስረጃሽ እሱ ሊሆን አይገባም። አጭር ነው፤ በአንድ ቁጭታ ታነቢዋለሽ።

ያነበብሽው ጽሑፍ ተሰርዞ እንደሆነም እዪ። በ1998 ላንሴት ላይ 12 ሕጻናትን ይዞ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል። ከተሰረዘበት ምክንያት አንዱ ልጆቹ ላይ የተሠራው ምርመራ የሥነ ምግባር ፈቃድ አግኝቷል መባሉ እውነት ስላልነበረ ነው። ፐብሜድ እንዲህ ያለውን በግልጽ ምልክት ያሳውቃል፤ ፒዲኤፉን ከጓደኛሽ በፍላሽ ከተቀበልሽ ግን ምልክቱን አታዪውም።

7. የበሽተኛሽን ምስጢር ንባብ ክፍል ጥለሽ አትሂጂ።

ጅቡቲ ትንሽ ከተማ ናት። «የባልባላ ነዋሪ፣ የ24 ዓመት፣ ኢትዮጵያዊት፣ በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት የገባች» ብለሽ ብትጽፊ ስሟን ባትጠሪም ማን እንደሆነች በማግሥቱ በርጫ ላይ ይታወቃል። ዕድሜውን፣ ሰፈሩን፣ ቀኑን አንሺ። ከካርድ የተገለበጠ ነገር በጋራ ኮምፒዩተር ላይ አታስቀምጪ፤ ስትነሺ ኢሜይልሽን ዝጊ። እኔም ከላይ ስለዚያች ልጅ ስጽፍልሽ ማንነቷን የሚያስታውቀውን ትቻለሁ።

8. የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ስምና ሰዓት ዕወቂ።

ደብተርሽ ላይ የጻፍሽውን አንዷን ዓረፍተ ነገር አሳዪው። ሦስት ቀን የምትደክሚበትን በሩብ ሰዓት ያገኝልሽ ይሆናል።

ያቺ ልጅ ስትድን ወጣች፤ ወደ የመን ትሂድ ወደ ወሎ ትመለስ አላወቅሁም። ምኗ እንደወጣ ግን በዚያው ቀን ቁጭ ብዬ፣ በወረቀት ሥዬ፣ ነግሬያታለሁ። ዘግይቶ ነው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ጽሑፍሽ በፈረንሳይኛ ይሁን፤ በመጨረሻው ላይ ግን አንድ ገጽ በአማርኛ ጨምሪበት፦ አልጋ ላይ ለተኛች፣ መጻፍ ለማትችል ሴት፣ ከመፈረሟ በፊት ነርስ ጮክ ብላ የምታነብላት። የሶማሊኛውንና የአፋርኛውን ጓደኞችሽ ይጻፉት። ረቂቁን ይዘሽ ዓርብ ነይ፤ እኔ በሽተኛዋን ሆኜ እሰማሻለሁ።